ሊኑክስ ስትመርጡ ሴቲንጉን ማን እንደሚጽፈው እዩ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ለግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ሰጥቷል፤ እሱም ያልቃል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ መሆን አለበት። ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ምን ያድርግ? ላፕቶፑ ደህና ነው። ባትሪው ትንሽ ደክሟል እንጂ ሌላው ይሠራል። አዲስ መግዛት ደግሞ ዋጋውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

እናም ብዙ ሰው ፊቱን በዊንዶውስ ፋንታ ወደሚጫነው ነፃ ሲስተም፣ ወደ ሊኑክስ እያዞረ ነው። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ ዲስትሮ ይባላሉ። «የቱን ልጫን?» ብሎ ሲጠይቅ ግን መልሱ ይበዛበታል። አንዱ ሚንት ይለዋል። ሌላው ኡቡንቱ። ሦስተኛው፣ መቼም አይጠፋም፣ «አርች ጫን፣ ሁሉንም በእጅህ አስተካክል፣ ያኔ ነው ሊኑክስ የምታውቀው» ይለዋል። ከወዲያ በኩል ደግሞ «ተርሚናል የሚያስከፍት ሲስተም በአፍንጫዬ ይውጣ» የሚል አለ። ጠያቂው ግራ ተጋብቶ ወደ ዊንዶውስ 10 ይመለሳል።

በእጅ ስል ፋይል ከፍቶ ወይም ተርሚናል ላይ ኮማንድ ጽፎ መቀየርን ነው። በመስኮት ስል ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ በማውስ መምረጥን። ሁለቱ ጎራዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲነታረኩ ኖረዋል፤ አንዱ የሌላውን ነገር ይንቃል። እኔ የማየው ችግር ግን ሌላ ቦታ ነው። ራስ ምታቱ የሚመጣው አንዱን ሴቲንግ ሁለት አካል ሲጽፈው ነው። እናንተ በእጅ ትጽፋላችሁ፣ አንድ ፕሮግራም ከኋላችሁ መጥቶ ያጠፋዋል። ወይም ፕሮግራሙ የማያውቀውን ነገር ታስገቡና መስኮቱ ላይ የምታዩትና ማሽኑ የሚያደርገው ይለያያል። ዲስትሮ ሲመረጥ ከስሙ በፊት መታየት ያለበት ይኸ ነው።

ስለ ዲስትሮ ትንሽ እንበል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 (ከዚህ ወዲያ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የጀመረው ከርነሉን ነው፤ ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገረውን የሲስተሙን እምብርት። ከርነል ብቻውን ለተራ ሰው ምንም አይሠራለትም። እሱን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን፣ መጫኛውንና የአፕዴት መንገዱን አንድ ላይ አስሮ የሚያቀርበው ነው ዲስትሮ የሚባለው። ስላክዌርና ደቢያን ሁለቱም በ1993 ተጀመሩ፣ ዛሬም አሉ። ኡቡንቱ በ2004 ከደቢያን ተነሣ። ሚንት በ2006 ከኡቡንቱ ተነሣ። ስለዚህ ሚንት የጫነ ሰው የደቢያንን የልጅ ልጅ ነው የጫነው። ዴስክቶፑ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የምታዩት ገጽታ፣ መልኩ ቢያምር ባያምር ብዙ አትጨነቁ፤ በማንኛውም ቀን ይቀየራል። በቀላሉ የማይቀየረው አፕዴቱ የሚመጣበት ፍጥነት ነው። እናንተ ገና ሳትነኩት ሌላ ሰው የወሰነላችሁ ነገርም እንዲሁ።

ፍጥነቱ ኪስም ይነካል። ደቢያን በየሁለት ዓመቱ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል። ኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠው እትም አምስት ዓመት ይቆያል። ፌዶራ በየስድስት ወሩ ይመጣል፣ አንዱ እትም የሚደገፈው 13 ወር ያህል ነው። አርች እትም የሚባል ነገር የለውም፤ አፕዴቱ እንደ ወንዝ ይወርዳል። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ይኸ ቀልድ አይደለም። አርችን ለወራት ሳታዘምኑ ቆይታችሁ አንድ ቀን «አፕዴት» ብትሉት ትክክለኛነታቸውን የሚያረጋግጥባቸው የፊርማ ቁልፎች ጊዜ ያለፈባቸው ሆነው ፓኬጆቹን፣ ማለትም የፕሮግራም ጥቅሎቹን፣ አልቀበልም ሊላችሁ ይችላል። ይስተካከላል፤ ግን በዚያ ቀን የምትሠሩት ሌላ ሥራ ነበራችሁ። የኡቡንቱ ባለቤት የሆነው ካኖኒካል ከ2005 እስከ 2011 የኡቡንቱን ሲዲ ለጠየቀ ሁሉ በነፃ በፖስታ ይልክ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። የኢንተርኔቱን ነገር የገባው ሰው ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠቡ። ነገሩን ከማንም በላይ የሚያሳየው ሱዜ የሚባለው የጀርመን ዲስትሮ ታሪክ ነው። ሱዜ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያስት የሚባል መሣሪያ ነበረው። ኔትወርክ፣ ፕሪንተር፣ ተጠቃሚ፣ ሰዓት፣ ፋየርዎል፣ ሁሉም እዚያ አንድ ቦታ ነበር። በዘመኑ ይህን የሚያህል ሌላ መሣሪያ ማግኘት ከባድ ነበር። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ያስት የመረጣችሁትን ነገር በራሱ ማኅደር ያስቀምጥ ነበር። ከዚያ ሱዜኮንፊግ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ማኅደሩን እያነበበ እውነተኞቹን የሴቲንግ ፋይሎች ይፈጥራል። አንድ ፋይል በእጅ ተነክቶ ካገኘው ደግሞ ይተወውና አዲሱን አጠገቡ በሌላ ስም ያስቀምጠዋል። በሌላ አነጋገር፣ አንዴ በእጃችሁ የነካችሁት ፋይል ላይ መስኮቱ ሥልጣን የለውም፤ መስኮቱ ግን አሁንም ያው ነው የሚመስለው። እናንተ «አስቀምጥ» ትላላችሁ፣ እሺ ይላል፣ ምንም አይቀየርም። አንድን መሪ ሁለት ሹፌር ይዞት ማለት ነው።

ሱዜኮንፊግ ከቆየ ቀርቷል። ያስት ራሱም እየተሰናበተ ነው። በኦክቶበር 2025 የወጣው፣ ከሱዜ ቤተሰብ የሆነው ኦፕንሱዜ ሊፕ 16 ያስትን ትቶታል። ለመጫኛ አጋማ፣ ለፓኬጅ ሚርሊን፣ ለተቀረው ደግሞ በብራውዘር የሚከፈተውን ኮክፒት ነው የያዘው። ያስትን የለመዱ ሰዎች ተከፍተዋል፣ አልፈርድባቸውም። ኮክፒት የያስትን ግማሽ እንኳ አይሠራም። አንድ ነገር ግን በትክክል ይሠራል፦ የራሱ ማኅደር የለውም። ተርሚናል ላይ ከሚጠሩት ፕሮግራሞች ጋር ነው በቀጥታ የሚነጋገረው። እናንተ በኮማንድ የቀየራችሁትን እሱ ወዲያው ያሳያችኋል፣ እሱ የቀየረውንም ኮማንዱ ያየዋል። ባለፉት ዓመታት የመጣው ትልቁ መሻሻል ለእኔ ይኸ ነው፣ ያማሩት አይከኖች አይደሉም።

መስኮቱን የሚንቁ ሰዎች አንድ የሚረሱት ነገር አለ። ጥሩ መስኮት ውስጥ የሌላ ሰው ልምድ ተቀምጧል። ምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ አላችሁ እንበል፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲከፈት ትፈልጋላችሁ። ይኸ የሚጻፈው ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ኤፍኤስታብ የተባለ ፋይል ላይ ነው። አንድ መስመር ናት። የዲስኩ መለያ፣ የሚታይበት ቦታ፣ ዓይነቱ፣ ጥቂት አማራጮች። በእጁ የሚጽፍ ጀማሪ አማራጩ ላይ «ዲፎልትስ» ብሎ ያልፋል፣ አብዛኛው መመሪያም እንዲያ ነው የሚያስተምረው። ይሠራል። አንድ ቀን ዲስኩን ነቅሎ ለወንድሙ ያውሰዋል። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ ዲስኩን ለአንድ ደቂቃ ተኩል ይጠብቃል። ሲያጣው የድንገተኛ ጊዜ ሁነታ ውስጥ ገብቶ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሰውየው ሲስተሙ የተበላሸ ይመስለዋል። የተበላሸ ነገር የለም። «ኖፌይል» የምትል ቃል ጎድላ ነው፤ ዲስኩ ከሌለ ዝም ብለህ ቀጥል የምትለዋ።

ያንኑ ሥራ ግኖም ዲስክስ በሚባለው መስኮት ብትሠሩት እሱም የሚጽፈው እዚያው ኤፍኤስታብ ላይ ነው። አማራጩን ራሱ ሲሞላ ግን ኖፌይልን ሳትጠይቁት ያስገባላችኋል። አንድ የነቃ ፕሮግራመር ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ከዚያ ፋይሉን ከፍታችሁ የጻፈውን ማንበብ ትችላላችሁ። እኔ እንዲህ ዓይነቱን መሣሪያ ነው ጥሩ የምለው፦ በመስኮት ይሠራል፣ የሠራውን ግን አይደብቅም። እንዲያውም በእጅ መጻፍ የሚማር ሰው መጀመሪያ መስኮቱ ምን እንደሚጽፍ ቢያይ ከብዙ መመሪያ ይሻለዋል።

ተቃራኒውም አለ። ደቢያንን ያለ ዴስክቶፕ ቀለል አድርጋችሁ በኬብል ጫናችሁ፣ ቆይታችሁ ግኖም የሚባለውን ዴስክቶፕ ጨመራችሁ እንበል። ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ መስኮቱ ላይ ግን ባለገመዱ ኔትወርክ «የማይተዳደር» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የኔትወርክ አድራሻውን (አይፒ) ልቀይር ብትሉ አያስነካም። ምክንያቱ መጫኛው በመጀመሪያው ቀን የኔትወርክ ካርዱን «ኢንተርፌስስ» የሚባል የድሮ ፋይል ላይ መዝግቦት ነው። ዴስክቶፑ የሚጠቀመው ኔትወርክማናጀር ያንን ሲያይ «ይኸ የሌላ ነው» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ጨዋነት ነው፤ ግን ምክንያቱን ለማንም አይነግርም። ከፋይሉ ላይ የካርዱን መስመሮች አጥፍቶ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ይበቃል። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) አድራሻ የሚቀመጥበትን ሪዞልቭ ኮንፍ የተባለ ፋይል ብትከፍቱ አናቱ ላይ «ይኸ ፋይል በሌላ ፕሮግራም የሚተዳደር ነው፣ አትቀይሩት» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ማን ያነባል? ሰው ይቀይረዋል፣ ለጥቂት ሰዓት ይሠራለታል፣ ኔትወርኩ ተቋርጦ ሲመለስ የጻፈው የለም። በእጅ መሥራት ማለት ያገኙትን ፋይል ሁሉ መጎርጎር አይደለም። መጀመሪያ የፋይሉን ባለቤት ማወቅ ነው።

መስኮቱ ጭራሽ የማያውቀው ነገርም አለ። ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላፕቶፕ ላይ አብረው የጫኑ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ሊኑክስ ላይ ሠርታችሁ ወደ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ለምን ሦስት? ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚይዘው። ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ ያለውን የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነባል። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ግኖም ሴቲንግ ውስጥ ብትዞሩ ይህን የሚያስተካክል ቁልፍ የለም። ያስት ላይ ግን ነበረ፣ አንዲት ምልክት ማድረጊያ ሳጥን። ሌላው ዲስትሮ ላይ «ታይምዴትሲቲኤል» በሚባለው ኮማንድ የማዘርቦርዱን ሰዓት በአገር ሰዓት እንዲይዝ ትነግሩታላችሁ፣ አለቀ። አንድ መስመር ናት። ኮማንዱ ራሱ ይህ አያያዝ አይመከርም ብሎ ያጉረመርማል፤ ስሙትና እለፉት።

መብራትስ? ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ያለ ዩፒኤስ የሚሠራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር አፕዴት እያደረገ መብራት ጠፋ። የወረደው ፓኬጅ ግማሹ ተጭኗል፣ ግማሹ አልተጫነም። ሲመለስ የሶፍትዌር መደብሩን መስኮት ስትከፍቱ «ችግር አጋጥሟል» ከማለት ብዙም ላያልፍ ይችላል። እዚህ ላይ ተርሚናሉ ይበልጠዋል። በደቢያን ቤተሰብ ላይ ያው አፕዴት ተርሚናል ላይ ሲሞከር ሥራው መቋረጡን ይነግራችሁና ለማስተካከል የምትጽፉትን ኮማንድ ሙሉውን አስቀምጦ ይሰጣችኋል። ቀድታችሁ ትለጥፋላችሁ፣ ከቆመበት ይቀጥላል። ሚንት ደግሞ ታይምሺፍት የሚባል የሲስተም ቅጂ ማስቀመጫ አብሮት ይመጣል። በመስኮት ታዘጋጁታላችሁ፤ ዴስክቶፑ አልከፈት ቢል ከተርሚናል ወይም ከመጫኛው ፍላሽ ሆናችሁ ትመልሱበታላችሁ። በሁለቱም በኩል በር ያለው መሣሪያ ማለት ይኸ ነው። የፌዶራው ሲልቨርብሉ ከዚህም ያልፋል፤ አፕዴቱን ለብቻው ያዘጋጅና ኮምፒውተሩ ሲነሣ ብቻ ወደሱ ይዞራል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ የቀድሞው እንዳለ ነው።

በእጅ መጫን ያስተምራል የሚሉትን አልቃወምም። አርችን አንዴ በእጁ የጫነ ሰው ዲስክ እንዴት እንደሚከፈል፣ ሲስተሙን የሚያስነሣው ቡትሎደር ምን እንደሆነ፣ ዴስክቶፕ ከምን ከምን እንደሚሠራ ያውቃል። ሰርቨር ማስተዳደር ለሚፈልግ ተማሪ ጥሩ ቅዳሜ ነው። ግን ትምህርቱን ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተራችሁ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ላይ አድርጉት፣ ደመወዝ የምታገኙበት ላፕቶፕ ላይ አይደለም። አርችም ቢሆን ከ2021 ጀምሮ በምርጫ የሚመራ መጫኛ አብሮት ይመጣል። እሱ ከመጣ በኋላ «በእጄ ነው የጫንኩት» የሚለው ፉከራ ቀዝቀዝ ብሏል። ለፋይል ፍቅር ያለበት ሰው ኒክስኦኤስን ቢያየው ይሻለዋል። እዚያ መላው ሲስተም አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይገለጻል። ያ ፋይል ካላችሁ ነገ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ሲስተም ታስነሣላችሁ። ባለቤቱ አንድ ነው፣ እናንተ። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፣ ብዙ ዳታም ይበላል።

ለአማርኛ ጽሕፈት ደግሞ ያለ ክርክር በመስኮት ሂዱ። አይባስ ኤም 17 ኤን የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ከሲስተሙ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ የግቤት ምንጭ የሚለው ላይ አማርኛን ጨምሩ። በላቲን ፊደል በድምፅ ስትጽፉ ወደ ግዕዝ ፊደል ይቀይረዋል። ኪይማን የሚባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም የለመዱም ለሊኑክስ የተሠራው እትም አላቸው። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ የአቢሲኒካ ወይም የኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት መጫን ይበቃል። ይህን በፋይል ለማስተካከል የሚታገል ሰው ጊዜ የተረፈው ነው።

ታዲያ የቱን? ላፕቶፑ አራት ጊጋ ራም ካለው ሚንት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዴስክቶፕ። ሚንት 22 እስከ 2029 ድጋፍ አለው። የድሮ ብሮድኮም ዋይፋይ ላላቸው ላፕቶፖች የድራይቨር መስኮቱ ብዙ ጣጣ ያቀላል። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልካችሁን በዩኤስቢ አገናኝታችሁ ኢንተርኔት አጋሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ሴቲንግ ይሠራል። ለቢሮና ለሰርቨር ደቢያን። ከ2023ቱ ደቢያን 12 ወዲህ ኮዳቸው ክፍት ያልሆነ ፈርምዌሮችም (ሃርድዌሩን የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) መጫኛው ውስጥ ስለገቡ የድሮው የዋይፋይ ሰቆቃ ቀንሷል። ማሽኑ 32 ቢት ብቻ ከሆነ በኦገስት 2025 የወጣው ደቢያን 13 አይጫንበትም፤ ደቢያን 12 ላይ ትቆማላችሁ። ፌዶራ ጥሩ ነው፣ አዲስ ሃርድዌር ላለውና ኢንተርኔቱ ለማያሳስበው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አጠገባችሁ የሚረዳችሁ ሰው የሚጠቀመውን ጫኑ። ጓደኛችሁ ኡቡንቱ የሚያውቅ ከሆነ ኡቡንቱ ነው መልሱ፣ ሌላ ክርክር የለም።

በእጅ የነካችሁት ነገር ፈተናው የሚመጣው ትልቁ አፕዴት ቀን ነው። በደቢያን ቤተሰብ ውስጥ አንድ የሴቲንግ ፋይል በእጅ ተቀይሮ አዲሱ ፓኬጅ ደግሞ ሌላ ይዞ ከመጣ ሥራው ይቆምና ይጠይቃችኋል፦ የእናንተ ይቆይ ወይስ አዲሱ ይግባ? ዝም ብላችሁ ኢንተር ብትሉ የእናንተ ይቆያል። ብዙ ሰው ጥያቄው ያስደነግጠውና ያገኘውን ይጫናል። እዚያው ዝርዝር ላይ ዲ የምትል አማራጭ አለች፤ የሁለቱን ፋይሎች ልዩነት መስመር በመስመር ታሳያለች። መጀመሪያ እሷን ተጫኑ። ከዓመት በፊት የጻፋችሁትን ለምን እንደጻፋችሁት ላታስታውሱ ስለምትችሉ፣ ፋይሉን በቀየራችሁ ቀን ከመስመሩ በላይ የፓውንድ ምልክት (#) አድርጋችሁ ምክንያቱንና ቀኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉበት። ሲስተሙ ያንን መስመር አያነበውም፤ ዲ የምትለዋን ስትጫኑ ግን እናንተ ታዩታላችሁ።